ለአሮጌ ፒክአፕ የትኛው ይሻላል? ነባሩ ማኒፎልድ፣ አጭር ሄደር ወይስ ረጅም ሄደር

ማኒፎልድ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ጭስ ቱቦው የሚያሳልፍ ክፍል ነው፤ ሄደር ደግሞ በእሱ ምትክ የሚገጠም፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቱቦ ያለው ነው። የአሮጌ ፒክአፕ ባለቤት ሄደር መግዛት የሚያምረው ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው። ወይ ነባሩ የጭስ ማኒፎልድ ተሰንጥቆ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ጠቅ ጠቅ እያለ ያሰለቸዋል፤ ወይ ደግሞ መኪናው ጭነት ይዞ አቀበት ላይ ሲያቃስት ሰምቶ ጭሱ ታፍኖ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። የመጀመሪያው የጥገና ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የጉልበት። ሻጭ ለሁለቱም ያንኑ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ያቀርባል። እኔ ግን ለየብቻ እንዲታዩ እመክራለሁ፤ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ገንዘብ ማባከን ነውና።

የማወዳድረው ቤንዚን የሚጠቀሙና ቱርቦ የሌላቸውን የቆዩ ሞተሮች በማሰብ ነው። መኪናዎ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ከሆነ ረጅም ሄደርን ይርሱት፤ በዚያ ሞተር ላይ የጭሱን ግፊትና ሙቀት የሚፈልገው ተርባይኑ ራሱ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚለካ ነገር

ጉልበት ፈልገው ከሆነ በቅድሚያ የሚመረመረው ማኒፎልዱ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ያለው መስመር ነው። ዕድሜ በጠገበ መኪና ላይ የካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ውስጥ ቀልጦ ሊደፈን፣ በማርሚታው ውስጥ ያለው ክፍልፋይ ተነቅሎ መውጫውን ሊዘጋ፣ የድርብ ቱቦ የውስጠኛው ግድግዳ ሊጨማደድ ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ምንም የለበትም። ከኮንቨርተሩ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) ፈትቶ በቦታው የግፊት ጌጅ መትከል ነገሩን ይገልጠዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር ጌጁ ከ10 ኪሎ ፓስካል በታች፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ደግሞ ከ20 በታች ማሳየት ይኖርበታል። ከዚያ ካለፈ ችግሩ ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ በዓለም ላይ ያለ ውድ ሄደር ቢገጥሙበትም የተደፈነው እንደ ተደፈነ ይቀራል።

ጠቅታ ብቻ ከሆነ የሚያስቸግርዎ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይሰማና ሲሞቅ ይጠፋ እንደሆነ ያዳምጡ። ከጠፋ ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ ክፍተቱን እየደፈነው ነው ማለት ነው። በባትሪ መብራት ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ራስ) ጋር የሚገናኝበትን መስመር ቢመለከቱ ጭስ የሚያመልጥበት ቦታ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ይታያል። እግረ መንገድዎን የብሎኖቹን ራስ ይቁጠሩ። ከኋላ በኩል፣ ከሾፌሩ ክፍል ግድግዳ አጠገብ አንዱ ጎድሎ ቢያገኙ አይደነቁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቱቦው የሚሠራው ሥራ

ነባሩ ማኒፎልድ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ወፍራም ብረት የተሠራ ነው፤ በአንድ ወገን ያሉ ሲሊንደሮች ጭስ ሁሉ በአንድ አጭር ቦይ ይቀላቀላል። ጭስ ግን ሳይቋረጥ አይፈስም፤ ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር በምት በምት ነው የሚወጣው። ለምሳሌ በብዙ ፒክአፖች ላይ የተገጠመው የቆየው ባለ 8 ሲሊንደር የሼቭሮሌ ሞተር የሚቀጣጠለው በ1-8-4-3-6-5-7-2 ቅደም ተከተል ነው። 5 እና 7 በግራ ወገን ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች ናቸው፤ ተከታትለውም ይቀጣጠላሉ። በሁለቱ መካከል ክራንኩ (ዋናው የሞተር ዘንግ) የሚዞረው 90 ዲግሪ ብቻ ሲሆን አንድ የጭስ ቫልቭ ግን ከ200 ዲግሪ በላይ ተከፍቶ ይቆያል። ስለዚህ 7 የመጀመሪያውን ኃይለኛ ምት ሲለቅ 5 ገና አውጥቶ አልጨረሰም፤ በጠባቡ ቦይ ውስጥ የጎረቤቱ ግፊት ወደ እሱ ይመለስበታል። በቀኝ ወገንም 8 እና 4 ይህንኑ ያደርጋሉ።

ሄደር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ቱቦ ይሰጥና አንድ ላይ የሚያገናኛቸው ራቅ አድርጎ ነው። ይህ መለያየት የመጀመሪያው ጥቅም ነው። ሁለተኛው ከርዝመቱ የሚገኝ ነው። ምቱ ቱቦዎቹ ወደሚገናኙበት ሰፊ ክፍል ሲደርስ የመሳብ ማዕበል ወደ ቫልቩ ይመለሳል። ማዕበሉ የደረሰው የመግቢያውና የመውጫው ቫልቭ አብረው በተከፈቱባት ቅጽበት ከሆነ የተረፈውን ጭስ ስቦ ያወጣል፤ አዲሱን አየርም ይጎትታል። ቱቦው ሲረዝም ማዕበሉ ዘግይቶ ስለሚመለስ ጥቅሙ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ይገኛል፤ ሲያጥር ደግሞ ከፍ ባለ ዙር ላይ። የሻጮች ሥዕላዊ መግለጫ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይህን ነው፤ ለጭነት መኪና ግን ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜውን በደቂቃ ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር ውስጥ ነውና የሚያሳልፈው።

ነባሩን ማደስ ወይም በተሻለ ነባር መተካት

ይህ ምርጫ ስሙ አያምርም፤ ሆኖም ለዕለት ሥራ የሚውል መኪና ካለዎት የመጀመሪያው ድምፅ የእኔ ለእሱ ነው። ወፍራም ብረት ሙቀትን ይዞ ይቆያል፣ ድምፅ ያፍናል፣ በቀላሉ አይበሳም፤ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሠራለት በመሆኑም ከመሪው ዘንግም ሆነ ከሞተሪኖው ጋር አይጣላም። የተሰነጠቀውን በብየዳ ማዳን ይቻላል፤ ነገር ግን ብረቱን በሙሉ አስቀድሞ አሙቆ፣ በኒኬል ዘንግ በይዶ፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ የሚያደርግ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ስንጥቁ ከብየዳው ጎን ሌላ መንገድ ይቀድዳል።

ብዙ ሰው የማያስበው መካከለኛ መንገድም አለ፤ ከዚያው የሞተር ቤተሰብ የተሻለ ቅርጽ ያለውን የፋብሪካ ማኒፎልድ ፈልጎ መግጠም። በፎርድ 4.9 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ረድፍ ሞተር ላይ፣ ከ1987 እስከ 1996 በተሠሩት የነዳጅ መርጫ ባላቸው ፒክአፖች ላይ የመጣው ለሁለት የተከፈለ ማኒፎልድ የቀድሞውን የካርቡራቶር ሞተር አንድ ወጥ ማኒፎልድ ለመተካት በሰፊው ይፈለጋል። ለትንሹ ባለ 8 ሲሊንደር ሼቭሮሌም «የበግ ቀንድ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው፣ መውጫው መካከሉ ላይ የሆነ የፋብሪካ ማኒፎልድ አለ። የሄደርን ያህል አይስብም፤ ከቦይ ዓይነቱ ግን በግልጽ ይሻላል፤ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) እየቀያየሩ መኖርም የለም።

አጭር ሄደር

አጭር ሄደር የነባሩን ማኒፎልድ ቦታ ይዞ የሚገጠምና ከነባሩ ቱቦ ጋር በዚያው ቦታ የሚገናኝ ነው። ቱቦዎቹ ብዙ ጊዜ ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች ናቸው። መቁረጥም ሆነ መበየድ አይጠይቅም፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩና ሴንሰሩ ባሉበት ይቆያሉ። ጥሩ ጎኑ ይኸው ነው።

ጉልበቱን በተመለከተ ግን እውነቱን መናገር ይሻላል። የመሳብ ማዕበሉ ቶሎ ስለሚመለስ የሚጠቅመው ፒክአፕ ፈጽሞ በማይደርስበት ዙር ላይ ነው። የሚቀረው የመለያየቱ ጥቅም ብቻ ነው። ሌላ ነገሩ ባልተነካ ሞተር ላይ ጭማሪው ብዙ ጊዜ ከ10 የፈረስ ጉልበት አይዘልም፤ እሱም ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው። ስለዚህ አጭር ሄደር ትርጉም የሚኖረው ነባሩ ማኒፎልድ ሞቶ ምትኩ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ከሄደሩ ሲበልጥ ነው። ደህና ማኒፎልድ አውልቆ በአጭር ሄደር የሚተካ ሰው ድምፅ ገዛ እንጂ ጉልበት አልገዛም።

ርካሹን አጭር ሄደር በተለይ ይጠንቀቁ። የቱቦው ግድግዳ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ከቴስታታው ጋር የሚጣበቀው ፍላንጅ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በጥቂት ወራት ሙቀት ይጣመማል። ቱቦው ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ፍላንጁ 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ከመግጠም በፊት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፍላንጁ ላይ አጋድመው ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ይዩ። ከማስመሪያው ሥር የ0.25 ሚሊ ሜትር መለኪያ ቅጠል የሚገባ ከሆነ ለሻጩ ይመልሱት ወይም ፊቱን ያስተካክሉት።

ረጅም ሄደር

ረጅሙ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ቱቦዎች አሉት፤ ቱቦዎቹ የሚገናኙት ከካምቢዮው ጎን፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ነው። እውነተኛ የጉልበት ለውጥ ያለው እዚህ ነው። ከኋላው ያለው መስመር ክፍት ከሆነ በቆየ ባለ 8 ሲሊንደር ላይ ከ15 እስከ 25 የፈረስ ጉልበት ማግኘት የተለመደ ነው፤ ይበልጥ ደስ የሚለው ደግሞ በመካከለኛው ዙር ላይ የሚጨመረው የመጎተት ኃይል ነው። ተጎታች ይዞ አቀበት የሚወጣ ሰው የሚሰማው ያንን ነው።

ዋጋው ግን ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። ነባሩ ቱቦ ተቆርጦ አዲስ መገናኛ ይበየዳል። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከሞተሩ በራቀ ቁጥርም ሙቀቱን ለማግኘት ይዘገያልና በቀዝቃዛ አነሳስ የሚወጣው ጭስ ይቆሽሻል። ኮንቨርተሩን አውጥቶ መጣል ደግሞ በብዙ አገሮች ሕግ የተከለከለ ነው፤ የዓመታዊ ምርመራ ደንብ ካለ ክፍሉን ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡት።

ከዚያ የቦታ ጣጣ አለ። በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ረጅም ቱቦ የሚጋጫቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ የመሪው ዘንግ፣ ሞተሪኖው፣ የዘይት ማጣሪያው፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉ ቱቦ፣ በሜካኒካል ዘንግ የሚሠራ የፍሪሲዮን ማያያዣ፣ የካምቢዮ መደገፊያው አግዳሚ ብረት። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው ዘንግ ይጨመራል። የአንዳንዱ መገናኛ ክፍል ከሻንሲው በታች ወርዶ ይንጠለጠላል፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው እሱ ነው። ስለዚህ «ለዚህ ሞተር ይሆናል» የሚለው አይበቃም፤ የመኪናው ዓመተ ምርት፣ የጎማ አነዳዱና የካምቢዮው ዓይነት ተጠቅሰው ይሆናል መባል አለበት። በአንዳንዶቹ ላይ ሄደሩን ለማስገባት የሞተሩን መቀመጫ ብሎን ፈትቶ ሞተሩን በክሪክ ጥቂት ማንሣት ግድ ይላል። ፍሬን ወይም ነዳጅ የሚያልፍበት ቱቦ ከሄደሩ አጠገብ ካለ ደግሞ መንገዱን ማዞር ወይም የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ መሐል ማስገባት የግድ ነው።

በሁለቱ መካከል የሆነ መካከለኛ ርዝመት ያለውም ይሸጣል። የሁለቱንም ጣጣ ጥቂት ጥቂት ይዞ የአንዱንም ጥቅም በሙሉ አይሰጥም፤ ረጅሙ በቦታ ጥበት ፈጽሞ እምቢ ላለው መኪና ካልሆነ አልመርጠውም።

ውፍረትና ብረት

ሰፊ ቱቦ ሁሉ የተሻለ ይመስላል። አይደለም። ቱቦው ከልክ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከታች ያለው የመጎተት ኃይል አብሮ ይወርዳል። ከ5.0 እስከ 5.7 ሊትር ለሆነ ባልተነካካ ባለ 8 ሲሊንደር 41 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ኢንች ከአምስት ስምንተኛ፣ ተመራጭ ነው። ወደ 44 ሚሊ ሜትር የሚኬደው ሞተሩ ትልቅ ሲሆን ወይም የካም ዘንጉና ቴስታታው ሲቀየሩ ነው።

ብረቱን በሚመለከት ተራ ብረት ቀለም ተቀብቶ ሲሸጥ በጣም ርካሹ ነው፤ ቀለሙ ግን በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ተቃጥሎ ይረግፋል፤ ዝገትም ይከተላል። ያው ተራ ብረት ከውስጥም ከውጭም የሴራሚክ ቅብ ሲኖረው ዕድሜው ይረዝማል፤ የኮፈኑ ውስጥ ሙቀትም ይቀንሳል። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ስቴንለስ ሁለት ዓይነት ይመጣል። 409 የሚባለው 11 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ስላለው ላይ ላዩን ቡናማ ይሆናል እንጂ አይበሳም። 304 ደግሞ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ይዞ ለዝገት እጅ አይሰጥም፤ ነገር ግን በሙቀት የሚለጠጠው ከተራ ብረት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ቀጭን 304 ብየዳው ላይ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራሙን ካልገዙ ስሙ ብቻ አያድንም።

ቱቦውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ መጠቅለል ለሚወዱ አንድ ነገር ልበል። ጨርቁ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀራል፤ እርጥበቱንም እንዲሁ። ተራ ብረት ከሥሩ ሳይታይ ይበላል። ብዙ አምራቾች የተጠቀለለ ሄደር ላይ ዋስትና የማይሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ካርቡራቶር ያለውና ሴንሰር ያለው

በካርቡራቶር ሞተር ላይ ነባሩ ማኒፎልድ ጭስ ከማውጣት ሌላ ሥራም አለው። በብዙዎቹ ላይ ለቾኩ (በቀዝቃዛ አነሳስ ድብልቁን ለሚያወፍረው ክዳን) የሚሆን ትኩስ አየር በቀጭን ቱቦ የሚወሰደው ከእሱ ነው። በረድፍ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ደግሞ የመግቢያው ማኒፎልድ ከጭሱ ማኒፎልድ ላይ ተቀምጦ ከሥሩ ይሞቃል። ሄደር ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ጠዋት ሞተሩ ይንተባተባል፤ ቅዝቃዜ ባለበት በካርቡራቶሩ ሥር በረዶ እስከ መያዝ ይደርሳል። መፍትሔው ቾኩን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየርና ለመግቢያው ከራዲያተር ውኃ የሚሞቅ ሳህን ማግኘት ነው። ጭሱ በቀላሉ ስለሚወጣ የነዳጅና የአየሩ ድብልቅም ሊሳሳ፣ ማለትም ነዳጁ ሊያንስ ይችላል። ካንዴላዎቹን ፈትተው ይዩ፤ ጫፋቸው ነጭ ከሆነ የካርቡራቶሩ ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ከፍ ይበል።

የነዳጅ መርጫ ያለው ሞተር ጣጣው የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ባለ አንድ ሽቦ የቆየ ሴንሰር ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭሱ ብቻ ስለሆነ ወደ ረጅሙ ሄደር ጫፍ ሲዛወር ይቀዘቅዝና መሥራቱን ያቆማል። ራሱን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ሽቦ መግጠም ያስፈልጋል። ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያመልጥበት ክፍተት ካለ ደግሞ በምቶቹ መካከል ከውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩ ድብልቁ የሳሳ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። «ሄደር ከገጠምኩ በኋላ ነዳጅ በላ» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው። የተቃጠለ ጭስ ወደ መግቢያው የሚመልሰው ቱቦ ካለም ሄደሩ ለእሱ ቀዳዳ እንዳለው ከመግዛት በፊት ይጠይቁ።

ማንን ለማን

መኪናው በየቀኑ የሚሠራ፣ ጉልበቱ የሚበቃዎት፣ ችግርዎ ስንጥቅ ብቻ ከሆነ፦ የፋብሪካ ማኒፎልድ። ያ ከጠፋ፦ ወፍራም ፍላንጅ ያለው፣ ሴራሚክ የተቀባ አጭር ሄደር። ተጎታች የሚጎትቱ ከሆነ፣ ከማርሚታው ጀምሮ መስመሩን በሙሉ ለመቀየር የሚበቃ ገንዘብ ከመደቡ፣ መኪናውም ድንጋይ ላይ የማይውል ከሆነ፦ ረጅም። ረጅም ሄደር ገዝቶ በነባሩ ጠባብ ቱቦ ላይ መቀጠል ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፤ ጣጣውን በሙሉ ከፍሎ ጥቅሙን በደጅ መተው ነው።

የማይፈታው ብሎን

ከሦስቱ የትኛውንም ቢመርጡ ሥራው የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው አሮጌው ብሎን ላይ ነው። ከኋላና ከፊት ጫፍ ያሉት ቀድመው የሚሰበሩት ማኒፎልዱ ረጅም በመሆኑ ነው፤ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር መካከሉ ሳይሆን ጫፎቹ ናቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱት፤ ብሎኑንም በጎን ይቆርጡታል። ቴስታታው አሉሚኒየም ሲሆን ሁለቱ ብረቶች የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ ነገሩ ይብሳል። የፎርድ 5.4 ሊትር እና የጄኔራል ሞተርስ 5.3 ሊትር ፒክአፖች በዚህ ስማቸው የታወቀ ነው።

ከሥራው ጥቂት ቀናት አስቀድመው ሰርጎ የሚገባ ዘይት ደጋግመው ይርጩ። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቁልፉን በድንገት አይጫኑት፤ ጥቂት ወደ መጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት፣ እንደገና ወደ መጥበቅ እያሉ ያለማምዱት። ሲፈታ የሚያሰማው ጩኸት ጥሩ ነው። ዝም ብሎ ልክ እንደ ላስቲክ መለጠጥ ከጀመረ ያቁሙ፤ ሊሰበር ነው።

ከተሰበረና ጉቶው ከቴስታታው እኩል ወይም ትንሽ ወጣ ብሎ ከቀረ፣ መሰርሰሪያ ከማንሣት በፊት ብየዳ ይሞከር። በጉቶው ላይ ሮንዴላ፣ በሮንዴላው ላይ ዳዶ ተቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ በኩል ይበየዳል። ዋናው ቁም ነገር ማያያዙ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ ጉቶውን ለጥጦ ሲቀዘቅዝ ያሸማቅቀዋል፤ ዝገቱም ይሰነጠቃል። ትኩሱ ላይ ሻማ ቢያስነኩት ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መካከል ይሰርጋል። የዳዶው ቅላት እስኪጠፋ ጠብቀው በቀስታ ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። በመጀመሪያው ካልሆነ ሁለተኛ ዳዶ ይበየዳል፤ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው አያስፈልግም።

በአንዳንድ ሞተሮች ላይ የማኒፎልድ ብሎን ቀዳዳ እስከ ውኃው ቦይ ድረስ የዘለቀ ነው። ብሎን ሲወጣ ውኃ ከተከተለው አዲሱ ብሎን ጥርሱ ላይ ማሸጊያ ተቀብቶ ይግባ። ሌሎቹን መጣበቅ የሚከላከል ቅባት ይበቃቸዋል። ከሄደሩ ጋር በነፃ የሚመጣውን ወረቀት መሳይ ጓርኒሲዮን ወደ ጎን ትተው ድርብርብ የብረት ዓይነቱን ይግዙ።

ሲያጠብቁ ከመካከል ጀምረው ወደ ጫፎቹ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ የሞተሩ መጽሐፍ በሚለው ኃይል ይሁን። የካንዴላ ሽቦዎቹ ከቱቦው የራቁ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ሞተሪኖው ከቱቦው አጠገብ ከወደቀም መከላከያ ያልብሱት። ሞተሩን አሙቀው፣ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ትተው እንደገና ያጥብቁ፤ በሚቀጥሉት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮችም ይደግሙት። የሾፌሩ ክፍል ውስጥ የጭስ ሽታ ከገባ እስኪስተካከል አይንዱት፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ራሱ ሽታ የለውም። በየጊዜው እያጠበቁት አንድ ቦታ ላይ ጥላሸት የሚመለስ ከሆነ ብሎኑን ከመክሰስ ፍላንጁን ፈትተው ማስመሪያውን እንደገና ያጋድሙበት።